ኮቺ ላይ ብቻሽን አትበዪም፦ ስለ ሂሮሜ ገበያ

ሰላም ለሁላችሁ። ለእረፍት ወደ ሺኮኩ ደሴት ልትሄድ ያሰበችው እህታችን "ብቻዬን ምግብ ቤት መግባት ይከብደኛል" ብላ ነበር። እኔንም ጃፓን እንደመጣሁ የጎዳኝ እሱ ነው። ግድግዳ እያየሁ ኑድሌን በልቼ እወጣ ነበር። ኮቺ ከተማ ከደረስሽ ሂሮሜ ገበያ ግቢ።

ከኮቺ ግንብ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተ አዳራሽ ሲሆን ወደ 60 የሚጠጉ ትንንሽ ሱቆች አሉት። መሃሉ ላይ ረጃጅም የጋራ ጠረጴዛዎች አሉ። መጀመሪያ ቦታ ያዢ፤ ከዚያ ከፈለግሽው ሱቅ ገዝተሽ ተመለሺ። ሞልቶ ካገኘሽው "ኮኮ ኢይ ደስ ካ?" (እዚህ መቀመጥ ይቻላል?) በይ፤ ጠጋ ይሉልሻል። እኔ ይህን ብዬ ከሁለት አዛውንቶች ጋር እስከ ማታ ስጫወት አመሸሁ። ጃፓንኛዬ ያኔ ገና ነበር።

ሳትቀምሺ እንዳትወጪ የምልሽ ካትሱኦ ኖ ታታኪን ነው። ካትሱኦ የቱና ዘመድ ነው። በሩዝ ገለባ እሳት ውጩን ብቻ ለብለብ ያደርጉትና ውስጡ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ለብ ለብ ክትፎ የሚወድ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ወፈር አድርገው ቆርጠው በጨውና በጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያቀርቡታል። የገለባው ጭስ ሽታ ሥጋው ላይ አለ። በፀደይ የሚያዘው ቀለል ይላል፣ በመኸር የሚመለሰው ስብ አለው። እኔ የመኸሩን እመርጣለሁ።

በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበሰው ጊዮዛም ዝነኛ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። "ቡታኒኩ" ካሉሽ አሳማ ነው። ለጾመኞችም፦ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው፣ ጠይቂ።

ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ የኮቺው ጣፋጭነት የለውም፣ ደረቅ ነው። እዚያ "ሄንፓይ" የሚባል ልማድ አለ፦ አንዱ የራሱን ጽዋ ይሰጥሻል፣ ጠጥተሽ ትመልሺና ትቀጂለታለሽ። የማትጠጪ ከሆነ "ኖሜማሴን" (መጠጣት አልችልም) በይ፣ ማንም አይቀየምሽም። ሎሚ የሚመስለው የዩዙ ጭማቂ አለልሽ። መኪና ከተከራየሽ ግን አንድ ብርጭቆም አትንኪ። እዚህ አገር ጠጥቶ የሚነዳ ሰው መኪና ውስጥ አውቆ የተሳፈረም ይቀጣል።

ከቻልሽ እሑድን ጨምሪበት። ከ1690 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው የእሑድ ገበያ እዚያው አጠገብ ባለው ጎዳና ላይ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ጠዋት በጊዜ ውጪ። ቀኑን ስትቆርጪ እዚህ ጻፊልን፤ እኔም በጥቅምት ልመለስ አስቤአለሁ።