የዓድዋ ቀን በአንድ ቀን ተዛነፈብኝ፤ የቀን መለወጫ ላይብረሪ ለማረም እርዳታ እሻለሁ

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)

ጤና ይስጥልኝ። የቆዩ ደብዳቤዎችን በኮምፒውተር የመመዝገብ ሥራ ላይ ስለምገኝ፣ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚለውጥ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ አነስተኛ የክፍት ምንጭ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) እጠቀማለሁ። ባለፈው ሳምንት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ብዬ ባስገባ፣ ማርች 2 ቀን 1896 ብሎ መለሰልኝ፤ የታሪክ መጻሕፍት ግን የዓድዋ ጦርነት ማርች 1 ቀን እንደተደረገ ይመዘግባሉ። ኮዱን ከፍቼ ስመለከት፣ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ዘመነ ሉቃስ ባለቀ ማግስት ደግሞ ሴፕቴምበር 12 አድርጎ ወስዶ፣ ቀሪውን ከዚያ ወዲህ እየቆጠረ እንደሚያሰላ ተረዳሁ።

ለማረም ስነሣ ሁለት ነገር አስቸገረኝ። ኮዱን ብለውጥም ቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትነው ፕሮግራም) ያንኑ የድሮ ውጤት ያሳየኛል፤ ለ1888 ብቻ አንድ ቀን የሚቀንስ መስመር መጨመር ደግሞ መላ እንጂ መፍትሔ አልመሰለኝም። ከዚህ ቀደም ለማንም ላይብረሪ እርማት ልኬ ስለማላውቅ፣ አላላኩንም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ከካዛንቺስ)

የመጀመሪያው ችግርዎ ቀላል ነው። ላይብረሪውን ቀድሞ በፒፕ (በፓይተን መጫኛ መሣሪያ) ስለጫኑት፣ ቴስቱ የሚያነበው እርስዎ የሚያርሙትን ፎልደር ሳይሆን የተጫነውን ቅጂ ነው። የተጫነውን አጥፍተው፣ አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሌሎች ፕሮጀክቶች የተለየ የፓይተን መሥሪያ ቦታ) ከፍተው፣ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆነው በፒፕ «ኤዲተብል» በሚባለው፣ የሚያርሙትን ፎልደር በቀጥታ በሚያነበው አሠራር ይጫኑት። እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ ኮዱን ሆን ብለው ያበላሹት፤ ቴስቱ ካልወደቀ አሁንም ሌላ ቅጂ እያነበበ ነው ማለት ነው።

መልስ (ከፒያሳ)

ወንድሜ፣ አንድ ቀን የሚቀንሰውን መስመር አለመጨመርዎ መልካም ነው፤ ስሕተቱ የ1888 ብቻ አይደለምና። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜንን 6 ሲያደርግ አንድም ጊዜ አይዘልም፤ የጎርጎርዮሳዊው ግን በ100 የሚካፈለውን ዓመት፣ በ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ፌብሩዋሪ 29 ይነፍገዋል። 1900 እንዲህ ያለ ዓመት ስለነበረ፣ ከእርሱ በፊት በነበረው ምዕተ ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ወይም 11 ነበር። የኮዱ ጸሐፊ ዛሬ በግድግዳው ላይ የሚያየውን ካላንደር ለዘላለም የሚሠራ ሕግ አድርጎት ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም አቆጣጠር በአንድ ተከታታይ የቀን ቁጥር ማገናኘት ነው። ዓመቱ ላይ አንድ ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ትተው ድርሻውን ይደምሩ፤ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝተው ይደምሩ፤ በመጨረሻ ቀኑንና 1724220ን ይጨምሩ። ለዓድዋ 2413620 ያገኛሉ፤ ይህም የሥነ ፈለክ ሰዎች የጁሊያን ቀን ቁጥር የሚሉት ነው። ከእርሱ 1721425 ቀንሰው ለፓይተን የራሱ የቀን ሞጁል ቢሰጡት፣ ማርች 1 ቀን 1896ን ይመልስልዎታል።

ውጤቱን ግን በዚያው ቀመር አያረጋግጡ፤ ብዙ ቴስት ከንቱ የሚሆነው ኮዱ የሰጠውን መልስ ገልብጦ «ትክክል» ሲል ነው። ሌላ ምስክር ይፈልጉ። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው በጊዮርጊስ ዕለት፣ እሑድ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ከዚያው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። 2413620 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 6 ነው፤ ሰኞ 0 ሆኖ ሲቆጠር 6 እሑድ ነው። የድሮው ኮድ የሰጠዎት ማርች 2 ግን ሰኞ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መዋሉንም ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ እርሱንም ይጨምሩት።

ከሁሉ የሚበልጠው ቴስት ግን ከ1850 እስከ 2110 ዓ.ም. እያንዳንዱን ቀን በተራ ለውጦ፣ የጎርጎርዮሳዊው ቀን በትክክል በአንድ እየጨመረ መሄዱን የሚያይ ነው። በመጀመሪያ በድሮው ኮድ ላይ ያስኪዱት።

መልስ (ከሜክሲኮ)

ስለ አላላኩ እኔ ልበል። የአስተዋፅኦ መመሪያ የሚል ፋይል ካለ መጀመሪያ ያንብቡት፤ ከዚያም ኮድ ከመላክዎ በፊት ችግሩን በ«ኢሹ» (ችግር ማሳወቂያ ገጽ) ይክፈቱ፤ የገባው ቀን፣ የወጣው ውጤት፣ የሚጠበቀው ውጤትና ምክንያቱ በአምስት መስመር ይበቃል። ፎርክ አድርገው (የፕሮጀክቱን የራስዎን ቅጂ ፈጥረው)፣ ለዚህ ጉዳይ ብቻ አንድ ብራንች (የተለየ የሥራ መስመር) ይክፈቱ። የመጀመሪያው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) የሚወድቀው ቴስት ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛው እርማቱ። ገምጋሚው የመጀመሪያውን አስኪዶ ስሕተቱን በዓይኑ ካየ፣ ስለ ሁለተኛው ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ አያስተካክሉ። «ጳጉሜ» ወይስ «ጳጉሜን» ይባል የሚለውን ክርክር፣ የመስመር አሰላለፍንም፣ ለሌላ ፑል ሪኩዌስት (ለውጥን ለገምጋሚ ማቅረቢያ ጥያቄ) ይተዉት። እኔ በመጀመሪያ ፑል ሪኩዌስቴ ሦስቱንም ቀላቅዬ፣ ባለ ሁለት መስመር እርማት ለወራት ሳይነበብ ቀርቶብኛል። በለውጥ መዝገቡ ላይ ደግሞ ከ1893 ዓ.ም. በፊት ያሉ ውጤቶች እንደሚለወጡ በግልጽ ይጻፉ፤ የተሳሳተውን ቀን ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ይኖራልና።

ጠያቂው

እናመሰግናለን። የድሮው ኮድ ሁለት ቦታ ላይ ወደቀ። ጳጉሜን 5 ቀን 1892 እና መስከረም 1 ቀን 1893 ሁለቱም ሴፕቴምበር 11 ቀን 1900 ሆነው ወጡ፤ ከ2092 ወደ 2093 ዓ.ም. ሲሻገርም፣ 2100 ፌብሩዋሪ 29 ስለሌለው፣ እንዲሁ ሆነ። በአዲሱ ስሌት ሁሉም አለፈ። ገምጋሚዋ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተቀባይነት እንዲያገኝ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ግን ስሕተት ተብሎ እንዲመለስ የሚያረጋግጥ ቴስት ጠይቃ ጨምሬያለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነው፦ እኔ ያልነካሁት፣ የዕለቱን ቀን የሚፈትነው «ዛሬ» የሚለው ቴስት በኮምፒውተሬ ያልፋል፤ ትናንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልከው ግን በጊትሀብ (ፕሮጀክቱ በተቀመጠበት ድረ ገጽ) ሰርቨር ላይ ወደቀ።

መልስ (ከካዛንቺስ)

ሰርቨሩ ሰዓቱን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ መለኪያ ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ይዘገያል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ እዚያ ገና ትናንት ስለሆነ፣ ላይብረሪው በአዲስ አበባ ሰዓት የሚሰጠው «ዛሬ» ከሰርቨሩ ቀን ጋር አይገጥምም። ቴስቱ የኮምፒውተሩን ሰዓት ከሚያነብ ይልቅ የተወሰነ ቅጽበት ቢሰጠው ይድናል፤ እርሱን ግን በሌላ ኢሹ ይክፈቱት። ለአሁኑ ሲነጋ ቴስቱን እንደገና ያስኪዱት።