የቆየ የኔትወርክ ድራይቨር፦ የፓኬት መላኪያው ኮድ ሲጸዳ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ባለ 100 ሜጋቢት የድሮ ፒሲአይ ካርድ የሊኑክስ ድራይቨር አለ፤ ከዋናው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውጪ የቀረ ነው። በአዲስ ከርነል ላይ ኮምፓይል ይሆናል፣ ይነሳልም። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ግን መሀል ላይ ይቆምና ሎጉ «ኔትዴቭ ዋችዶግ፣ ትራንስሚት ኪው 0 ታይምድ አውት» (መላኪያው ወረፋ በጊዜው አልሠራም የሚል የከርነሉ ማስጠንቀቂያ) ይላል። አንዳንዴም ማሽኑ ጨርሶ ይደርቃል።

የመላኪያው ፋንክሽን እንዲህ ነው የሚሠራው። ሎክ (ሌላ ኮድ በዚያው ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል ቁልፍ) ይይዛል፤ የ32 ዲስክሪፕተሩ ሪንግ (ዲስክሪፕተር የፓኬቱ አድራሻና ርዝመት ለካርዱ የሚነገርበት መዝገብ ነው፣ ሪንጉ የእነሱ ክብ ድርድር ነው) ሞልቶ ከሆነ ፓኬቱን ነጻ አድርጎ «ኔትዴቭ ቲኤክስ ቢዚ» ይመልሳል። ካልሞላ ዲስክሪፕተሩን ሞልቶ ለካርዱ ያስረክባል፣ ሎኩን ይለቃል፣ ከዚያ የፓኬቱን ርዝመት አንብቦ ስታቲስቲክሱ ላይ ይደምራል። ካርዱ በአንድ ፓኬት አንድ ዲስክሪፕተር ብቻ ነው የሚጠቀመው። ኮዱ በጣም የተዝረከረከ ስለሆነ እንደ አዲስ ልጻፈው ወይስ በየቦታው ላስተካክለው?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

እንደ አዲስ አትጻፈው፤ የካርዱ ጠባይ የተጻፈው እዚያ ኮድ ውስጥ ነው። መጀመሪያ መታረም ያለበት ፓኬቱ በየትኛው መስመር ላይ የማን እንደሆነ ነው።

«ቢዚ» ማለት «ፓኬቱን አልተቀበልኩም፣ ያንተው ነው» ማለት ነው። ከርነሉ ወረፋው ላይ ይመልሰውና ቆይቶ እንደገና ይሰጥሃል። የእናንተ ኮድ ነጻ አድርጎ «ቢዚ» ስለሚል ከርነሉ የሞተ ሜሞሪ ይዞ ይመለሳል። ማሽኑ እንዲደርቅ ከሚያደርጉት አንዱ ይኸው ነው። ፓኬቱን የጣልከው አንተ ከሆንክ «ኔትዴቭ ቲኤክስ ኦኬ» መልስና የተጣሉትን ቁጥር በአንድ ጨምር። ነጻ ማድረጊያ ፋንክሽኑም የስሙ መጨረሻ «ኤኒ» የሆነው ይሁን፤ ተራው ነጻ ማድረጊያ ኢንተራፕት (ካርዱ ሲፒዩውን የሚጠራበት ምልክት) በተዘጋበት ቦታ መጠራት የለበትም።

ሁለተኛው ጥፋት ርዝመቱ ነው። ዲስክሪፕተሩ ለካርዱ ከተሰጠና ሎኩ ከተለቀቀ በኋላ፣ የኢንተራፕቱ ኮድ በሌላ ሲፒዩ ላይ ፓኬቱን ነጻ ሊያደርገው ይችላል። ርዝመቱን ፋንክሽኑ ሲጀምር በራስህ ቫርያብል ያዘው። ስታቲስቲክሱን ደግሞ መላኩ ሲጠናቀቅ ብትደምረው ይሻላል፤ ያኔ የሚቆጠረው በእርግጥ የወጣው ነው።

መልስ (ከዓለም ከተማ)

በዚህ ላይ የዲስክሪፕተሩን ቅደም ተከተል ተመልከት። አድራሻና ርዝመት ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ «ዲኤምኤ ደብሊው ኤምቢ» የሚባለው የሜሞሪ ባሪየር (የሚጻፉት ነገሮች ቅደም ተከተል እንዳይዛባ የሚያደርግ ትእዛዝ)፤ «የካርዱ ነው» የሚለው ቢት የመጨረሻው ነው። ካርዱን የሚቀሰቅሰው ሬጅስተር የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። ባሪየር የሌለው ኮድ በኢንቴል ማሽን ላይ ለዓመታት ሊሠራና አርም ላይ ሲጫን ግማሽ የተሞላ ዲስክሪፕተር ሊልክ ይችላል።

የዲኤምኤ ማፒንግ (ካርዱ ሜሞሪውን በቀጥታ እንዲያነብ አድራሻ ማሰር) ሊከሽፍ ስለሚችል ውጤቱን ሳትፈትሽ አትለፍ። ሲፈታም በታሰረበት ርዝመት ነው የሚፈታው፤ ስለዚህ አድራሻውንና ርዝመቱን በራስህ ስትራክት አስቀምጥ።

አጫጭር ፓኬቶችንም አትርሳ። ኢተርኔት ያለ ማረጋገጫው ድምር ቢያንስ 60 ባይት ይፈልጋል፣ የኤአርፒ ፓኬት (የአይፒ አድራሻ የየትኛው ካርድ እንደሆነ የሚጠይቀው) ግን 42 ባይት ነው። ብዙ የድሮ ድራይቨሮች ርዝመቱን 60 ብለው ይጽፉና የቀረውን 18 ባይት ዜሮ አያደርጉትም፤ በሜሞሪ የነበረው ሁሉ ወደ ሽቦው ይወጣል። በ2003 «ኢተርሊክ» ተብሎ የታወቀው ቀዳዳ ይህ ነው። «ኢዝ ኤስኬቢ ፓድ» የሚባለው የከርነል ፋንክሽን ይሞላልሃል፤ ካልተሳካለት ግን ፓኬቱን ራሱ ነጻ ስለሚያደርግ አንተ አትድገመው፣ «ኦኬ» ብለህ ውጣ። የምትይዘው ርዝመት ከዚህ በኋላ ያለው ይሁን።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሽኑ መድረቁን ትቷል። ዋችዶጉ ግን አሁንም ይመጣል፤ ወረፋው አንዴ ከቆመ አይነሳም።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

ወረፋው የሚቆመው ሪንጉ ከሞላ በኋላ በሚመጣው ፓኬት ላይ መሆን የለበትም። የመጨረሻውን ቦታ የያዘውን ፓኬት እንዳስገባህ እዚያው አቁመው። እንዲህ ከተሠራ «ቢዚ» የሚመለስበት ምክንያት አይኖርም፤ ከመጣም የድራይቨሩ ስህተት ነውና ሎግ ላይ ይጻፍ።

ያለመነሳቱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ «ሞልቷል» ብለህ ልታቆም ስትል፣ የማጠናቀቂያው ኮድ (መላካቸው ያለቀውን ፓኬቶች የሚጠርገው) በዚያች ቅጽበት ሪንጉን ጠርጎ «ወረፋው አልቆመም» ብሎ ያልፋል። ከዚያ አንተ ታቆማለህ፣ የሚቀሰቅስ የለም። መድኃኒቱ አቁም፣ «ኤስኤምፒ ኤምቢ» የሚባለውን ባሪየር ጥራ፣ ቦታ መኖሩን እንደገና ፈትሽ፤ ካለ ራስህ አስነሳው። በማጠናቀቂያው በኩልም የሪንጉ ጠቋሚ ከተዛወረ በኋላ ባሪየሩ ይገባና ወረፋው መቆሙ ይታያል። አንድ ቦታ ብቻ ሲገኝ አትቀስቅስ፤ ከ32ቱ 8 ሲለቀቅ ይበቃል፣ አለዚያ በየፓኬቱ መቆምና መነሳት ይሆናል።

ኮዱ ኢንተራፕት የሚጠይቀው በየጥቂት ፓኬቱ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሳይጠረጉ ይቀራሉ። ወረፋውን የሚያቆመው ፓኬት ሁልጊዜ ኢንተራፕት ይጠይቅ።

ሎኩን ለጊዜው እንዳለ ተወው። ከርነሉ የመላኪያውን ሎክ ይዞ ነው የሚጠራህ፤ ያንተ ሎክ የሚያስፈልገው ለኢንተራፕቱ ነው። ማጠናቀቂያው ወደ ናፒ (ኢንተራፕቱን ለጊዜው ዘግቶ ፓኬቶችን በጥቅል የሚያስተናግድ የከርነሉ ስልት) ሲዛወር ያኔ ይወጣል። «ትራንስ ስታርት»ን (የመጨረሻው መላኪያ ሰዓት የሚያዝበትን) በየፓኬቱ የሚያድሰውን መስመር ግን ሰርዘው፤ ከርነሉ ራሱ ያድሰዋል።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)

እያንዳንዱ እርማት የየራሱ ፓች ይሁን፤ የቦታና የስም ማስተካከያ ከሁሉም በኋላ ይምጣ። ክፍተት ያስተካከለና ሎጂክ የለወጠ አንድ ፓች ሲበላሽ የቱ እንዳበላሸው አይለይም።

ለሙከራ ሁለት ማሽን በአንድ ኬብል አገናኝ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ፒንግን በ17፣ 18 እና 19 ባይት ዳታ ላክ፤ 18ቱ ልክ 60 ባይት ይሆናል። በወዲያኛው ማሽን በቲሲፒደምፕ (ፓኬቶችን በሚያሳየው ፕሮግራም) የ17ቱን ጅራት እይ፣ ዜሮ መሆን አለበት። ቀጥሎ አይፐርፍ (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) በትናንሽ ዩዲፒ ፓኬት እየላከ ሳለ ካርዱን ዝጋ፣ ክፈት፤ ኬብሉንም ንቀል። ሲዘጋ ሪንጉ ውስጥ የቀሩት ፓኬቶች ነጻ ካልወጡ ሜሞሪ ይፈስሳል። ከርነሉ ካሳን (የሜሞሪ ስህተት መፈተሻ) እና የዲኤምኤ መፈተሻው የበሩለት ይሁን፤ ካሳን ከሜሞሪው አንድ ስምንተኛ ስለሚወስድ ለአሮጌ ማሽን አስብበት። ሎጉን በኔትኮንሶል (የከርነሉን ሎግ በኔትወርክ በሚልከው) ስታወጣ በሌላ ካርድ ይሁን፣ በሚፈተነው ድራይቨር በኩል አይሆንም።

ጠያቂው

ቢኪውኤልስ (በወረፋው ውስጥ የሚጠብቀውን ባይት የሚገድበውን የከርነሉን ስልት) ልጨምር?

መልስ (ከዓለም ከተማ)

አይቸኩልም። 32 ሙሉ ፓኬት በ100 ሜጋቢት ወደ 4 ሚሊሰከንድ ነው፤ የምታተርፈው ጥቂት ነው። ከጨመርክ ግን ሪንጉ በሚጸዳበት ቦታ ሁሉ ቆጣሪውንም ወደ ዜሮ መልስ፤ ያ ከተረሳ ከዋችዶግ በኋላ ወረፋው ለዘለቄታው ቆሞ ይቀራል።