የሞተር ጓንት መዳፌን ይይዛል፣ ጣቱ ግን ይተርፈኛል

የመስክ ሞተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ሥራዬ የመስክ ስለሆነ በሳምንት ሦስት አራት ቀን በቢሮው ያማሃ ዲቲ ሞተር ወደ አንኮበር አቅጣጫ እወጣለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ውርጩ ጣት ይቆርጣል። ያለ ጓንት አይሞከርም።

ችግሬ እንዲህ ነው። መዳፌ ሰፊ ነው፣ ጣቶቼ ግን አጫጭር ናቸው። ሚዲየም ጓንት ሳደርግ መዳፉ ልክ ይሆንና የጣቶቹ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶውን ይቀራል። ስሞል ስሞክር ደግሞ ጣቱ ይሻላል፣ መዳፉ ግን አልዘጋ ይላል፣ መሪ ስጨብጥ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያለውን ቦታ ወጥሮ ያሳምመኛል።

ባለፈው ወር ቁልቁለት ላይ ማርሽ ልቀንስ ብዬ ፍሪሲዮን ስይዝ ባዶው የጓንት ጫፍ በእጀታውና በመሪው መሃል ገብቶ ተቆነጠጠ። ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው አልተሳበልኝም፣ ማርሹ አልገባ አለ፣ ሞተሩ ይገፋኛል፣ ከፊቴ ደግሞ አህያ የሚነዱ እናት ነበሩ። በእግዚአብሔር ቸርነት በፍሬን ተረፍን። እስከዚያ ቀን ድረስ የምቾት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

የገዛሁበት ሱቅ «ቆዳ ነው፣ ሲውል ሲያድር እጅሽን ይለምዳል» ብሎኝ ነበር። ስድስት ወር ሆነው። ስፋቱ ለቀቀ፣ የጣቱ ርዝመት ግን ያው ነው። አሁን የአጎቴ ልጅ ለገና ከጀርመን ትመጣለች፣ አንድ ጓንት አመጣልሻለሁ ብላኛለች። አንዴ ከመጣ መመለስ የለም፣ ስለዚህ እጄ ሳይገባ በፊት ልኩን ማወቅ አለብኝ። በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው የመዳፌ ዙሪያ 20.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከእጄ አንጓ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ ደግሞ 16.8። ምን ላስመጣ?

ኑረምበርግ ላይ

እህቴ እንኳን ተረፍሽ። እኔ እዚህ ጀርመን 11 ዓመት ሞተር ነድቻለሁ፣ ጣቴም እንዳንቺው አጭር ነው፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

አውሮፓ ውስጥ የመከላከያ ጓንት ልክ የሚወጣው ከሁለት ነገር ነው፣ ከመዳፍ ዙሪያና ከእጅ ርዝመት። ቁጥር 7 ለ178 ሚሊ ሜትር ዙሪያና ለ171 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው። ቁጥር 8 ለ203 እና ለ182። ቁጥር 9 ለ229 እና ለ192። አሁን ያንቺን እዪው። መዳፍሽ 8 ነው፣ ርዝመትሽ ግን 7ንም አይሞላም። ሠንጠረዡ መዳፍ ሲሰፋ ጣትም አብሮ ይረዝማል ብሎ ነው የተሠራው፣ አብዛኛው ሱቅ ደግሞ ዙሪያውን ብቻ ጠይቆ ይሸጣል። የተቸገርሽው በዚህ ነው።

ሄልድ የሚባል የጀርመን ጓንት ሠሪ አለ። በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ መዳፉ እንዳለ ሆኖ ጣቱ ብቻ ያጠረ ልክ ያወጣል። ከቁጥሩ ፊት «ካ» (K) የምትል ፊደል አለችው፣ «ኩርትስ» ከሚለው ቃል ነው፣ አጭር ማለት ነው። ለዘመድሽ «ካ 8» ብለሽ ጻፊላት። ሁሉም ሞዴል ላይ የለም፣ ሱቅ ውስጥም ሁልጊዜ አይደረደርም፣ ስለዚህ ቀደም ብላ ትጠይቅ። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ግን ከእሱ በፊት እኔ ሦስት ጓንት ገዝቼ ጥያለሁ።

የሴት ጓንት ግዢ የሚልሽ ይኖራል። ተጠንቀቂ። የሴት ተብሎ የሚሸጠው ባብዛኛው መዳፉ ጠበብ፣ ጣቱ ቀጠን ያለ ነው። ለጠባብ መዳፍ ጥሩ ነው፣ ላንቺ ግን ስሞሉ ያመጣብሽን ሕመም መልሶ ያመጣዋል።

አንድ ነገር ደግሞ። ጣቱ የረዘመ ጓንት መከላከያውንም ከቦታው ያናጋል። የጣቶችሽ ሥር አንጓ ላይ መቀመጥ ያለበት ጠንካራ ሽፋን ወደ ጣት ይንሸራተታል፣ መዳፍሽ ግርጌ ላይ መሆን ያለበት ድርብ ቆዳም ወደ ፊት ይሄዳል። ሰው ሲወድቅ እጁን ነው የሚዘረጋው፣ መሬት ቀድሞ የሚያገኘውም ያው የመዳፍ ግርጌ ነው። ውስጡ ያለውን ምልክት ታይልሽ፦ ኢኤን 13594 (EN 13594) የሚል የአውሮፓ የሞተር ጓንት መስፈርት ቁጥር፣ ከሥሩ 1 ወይም 2 የሚል ደረጃ፣ የጣት አንጓ መከላከያው ተፈትኖ ካለፈ ደግሞ «ኬፒ» (KP) የሚል። ይህ ምልክት የሌለው ጓንት የብርድ ጓንት ነው፣ ሱቁ ምንም ስም ቢሰጠው።

ፈጣኑ 07

ይሄን ሁሉ ምን አስፈለገ? አንድ ቁጥር ዝቅ ብላ ትግዛ፣ ቆዳው ራሱ ይሰፋል። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ምንም አልሆንኩም።

ኑረምበርግ ላይ

ወንድሜ፣ አንተ አዳማ ሙቀት ውስጥ ከሆንክ ይሆን ይሆናል። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። የጠበበ ጓንት ደሙን ይይዘዋል፣ ጣት ውስጥ ሞቅ ያለ አየር የሚቆምበት ቦታም አይተርፍም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጣቷ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ምን ያህል እንደጨበጠ አያውቅም። ይህን ምክር ለእሷ አልሰጥም።

የሐዋሳው መካኒክ

እኔ ስለ ጓንት ብዙ አላውቅም፣ ስለ ሞተሩ ግን ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የጓንቱን ግማሽ ያህል ጥፋት የፍሪሲዮኑ እጀታ ተሸክሞታል ብዬ አምናለሁ። የቢሮ ሞተር ብዙ ሰው ይነዳዋል። እጀታው የተስተካከለው ምናልባት ካንቺ በፊት ለነበረው ረጅም ሹፌር ነው።

መጀመሪያ እጀታውን መሪው ላይ የያዘውን ቡሎን በትንሹ ላላ አድርጊው። ሞተሩ ላይ እንደምትነጂው ተቀምጠሽ ክንድሽን ዘርጊ፣ እጀታው ከክንድሽ ጋር ቀጥ ባለ መስመር እስኪሆን አዙሪው። ወደ ላይ የተቀሰረ እጀታ ለአጭር ጣት ጠላት ነው፣ የእጅሽ አንጓ ይታጠፍና ጣትሽ ላይ የነበረችው ትንሽ ርዝመት ትባክናለች። ከዚያ እጀታውን ሁለት ጣት ያህል ወደ መሪው መሃል ግፊው። ጣትሽ ከእጀታው ጫፍ አካባቢ ስለሚያርፍ ለመሳብ በጣም ይቀልሻል።

የመያዣውን ጎማም እዪው። ሰው አሮጌው ሲያልቅ ወፍራም ጎማ ያስገባል፣ አንዳንዱ ላዩ ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ይጠቀልልበታል። ወፍራም ጎማ ማለት እጀታው ራቀብሽ ማለት ነው። ቀጭኑን አስገቢ።

ካቦው ላይ ግን ጥንቃቄ። ብዙ ልጆች እጀታው እንዲቀርባቸው ብለው የፍሪሲዮኑን ካቦ ያላሉታል። ባብዛኛው ሞተር ላይ በእጀታው ሥር መኖር ያለበት ልል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ እስከ መጨረሻው ብትስቢውም ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም፣ ማርሹ ይንቋቋል። ያ ቁልቁለት ላይ የገጠመሽ ነገር የጓንቱ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ? ካቦው ልል ሆኖ ላዩ ላይ ጓንቱ ሲጨመርበት ሊሆን ይችላል። የፊት ፍሬኑ በካቦ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ያንን በፍጹም እንዳታላዪው፣ እጀታው የመሪውን ጎማ ሳይነካ በፊት ፍሬኑ መያዝ አለበት።

ቆዳ ሰፊው

ልጄ፣ መርካቶ ቆዳ ስሰፋ 30 ዓመት አልፎኛል። ጓንትም ሰፍቻለሁ። ሱቁ ይለጠጣል ያለሽ ግማሹ እውነት ነው። ቆዳ በእንስሳው ጀርባ አቅጣጫ ብዙ አይለጠጥም፣ ወደ ጎን ነው የሚለጠጠው። ጓንት የሚቆርጥ ባለሙያ ደግሞ ያ የሚለጠጠው ወገን በመዳፉ ስፋት እንዲውል አድርጎ ይቆርጠዋል፣ እጅ ሲጨበጥ እንዲሰጥ። ስለዚህ ስፋቱ ለቀቀልሽ፣ ርዝመቱ ባለበት ቀረ። የረዘመ ጣት ደግሞ በመልበስ ብዛት አያጥርም።

የኛ አገር የደጋ በግ ቆዳ በጓንት ሠሪዎች ዘንድ በዓለም የታወቀ ነው። ስስ፣ ለስላሳ፣ ለስስነቱም ጠንካራ ነው። የጎልፍ ጓንትና የክት ጓንት ይሠራበታል። ይህን የምልሽ ኮርቼበት ነው፣ ግን ለሞተር መዳፍ እንዳታምኚው፣ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። ለሞተር የፍየል ወይም የላም ቆዳ ይሁን። ፍየሉ ለአጭር ጣት የተሻለ ነው፣ ሳይወፍር ይጠነክራል፣ ጣት ሲታጠፍም መሃሉ ላይ አይከመርም።

ያለሽን ጓንት ማሳጠርም ይቻላል። በጣትና በጣት መሃል የምትገባ ቀጭን የጎን ቁራጭ አለች። ጫፏ ላይ ያለው ስፌት ይፈታል፣ ከጣቱ ጫፍ የሚተርፈው ይቀነሳል፣ ተመልሶ በናይለን ክር ሁለት ጊዜ ይሰፋል። በጥጥ ክር የሚሰፋልሽ ካለ ጓንቱን ተቀብለሽ ውጪ። ውስጡ ውኃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለው ከሆነ ግን አይነካም፣ መርፌ ሲበሳው ውኃ ያስገባል።

ኑረምበርግ ላይ

ጋሼ፣ የሙያዎትን አከብራለሁ፣ ግን እዚህ ላይ ልከራከርዎ። ጓንቱ ሲፈተን የስፌቱ ጥንካሬም አብሮ ይፈተናል። ጫፉ ተፈትቶ እንደገና ከተሰፋ ያ ፈተና ለዚያ ጣት አይሠራም። ስትወድቅ ስፌቱ ቢፈነዳስ?

ቆዳ ሰፊው

እውነትህን ነው ልጄ፣ ለአዲሱና ለውዱ ጓንት እኔም አልመክርም። እኔ የምለው አሁን በእጇ ስላለው ነው። እስከ ገና ድረስ በየሳምንቱ ከዚያ ቁልቁለት ልትወርድ ነው። ጫፉ እጀታው ውስጥ ከሚቆነጠጥ አጥሮ ይሰፋ። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ግን አይቆረጥ፣ እጅ ሲጨበጥ የጓንቱ ጀርባ ይሳባል፣ ጣቱ ወደ ጫፉ ይቀርባል። እጅሽን ዘርግተሽ የምታዪው ክፍተት ስትጨብጪ ይቀንሳል። ስለዚህ መሪ ጨብጠሽ ለኪ፣ የተረፈውን በኖራ ምልክት አድርጊና ለሰፊው ስጪው።

የመስክ ሞተረኛ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ በዝርዝር ይመልሱልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ጋሼ፣ እንዳሉት መሪ ጨብጬ ለካሁት። አንድ ሴንቲ ሜትር ያልኩት ወደ ሰባት ሚሊ ሜትር ወረደ፣ ትንሿ ጣቴ ላይ ግን ያው ነው።

መካኒኩ ወንድሜ፣ ዛሬ ካቦውን አሳየሁት። ልሉ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። አስተካከልነው፣ እጀታውም ዝቅ ብሏል፣ ቢሮው ግቢ ውስጥ ሁለት ዙር ነድቼ ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። የመሪው ጎማ ላይ የቀድሞው ሹፌር ከመነዳሪ ጠቅልሎበት ነበር፣ እንዴት አወቅክ?

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። «ካ 8» ካልተገኘስ? ለብርዱስ ሱፍ የገባበትን ላስመጣ ወይስ ስሱን?

ኑረምበርግ ላይ

ካልተገኘ እጅሽን ወረቀት ላይ አሳርፈሽ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሪና ፎቶውን ላኪላት፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጊበት። የመሃል ጣትሽን ከሥሩ መታጠፊያ እስከ ጫፉ ለክተሽ ጻፊበት። ሱቅ ውስጥ ቁጥር 8 የሆኑትን ሁሉ ጣታቸውን ከወረቀቱ ጋር ታስተያይ፣ በአንድ ቁጥር ውስጥ እንኳ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ጣቱ ሲሰፋ ቀድሞ ታጠፍ ተደርጎ የተሠራውን ትምረጥ፣ የጫፉ ስፌት ወደ ውጭ የወጣውንም ትሞክር፣ ውስጥ ቦታ አይበላም። እጇ ላይ አስራ ጫፉን ይዛ ትጎትተው፣ ማሰሪያው ታስሮ ከወጣ ይቅርብሽ።

ለብርዱ ስሱን አስመጪ። ሱፍ የገባበት ጓንት ጣቱ ይወፍራል፣ እጀታውን እንደገና ያርቅብሻል። ነፋሱን ከሞተሩ ላይ አቁሚው፣ መሪው ላይ የሚታሰር የእጅ መከላከያ ፕላስቲክ አለ።

ቆዳ ሰፊው

ፕላስቲኩ ካልተገኘ የመሪ ሽፋን እኔ እሰፋልሻለሁ፣ ላዩ ቆዳ፣ ውስጡ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ቁራጭ። አፉ ሰፊ ይሁን፣ እጅሽ ሳይያዝ መግባትና መውጣት አለበት። የመሪሽን ርዝመትና የፍሬቻውን ማብሪያ ቦታ ለክተሽ ላኪልኝ።

የመስክ ሞተረኛ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ልኩንም አሮጌውን ጓንትም ይዤ እመጣለሁ። ትንሿን ጣት ብቻ ያሳጥሩልኝ፣ ሌሎቹን እስከ ገና እችላቸዋለሁ።