አያቴ የቆመበት የጎልፍ ሜዳ የት ነው?

የበረሳ ልጅ (ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። የአያቴን ሳጥን ስናራግፍ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አገኘን። አባባ ካፖርት ለብሶ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆሟል። ሣሩ የተላጨ ነው የሚመስለው። ከኋላው ራቅ ብሎ ሁለት ትልልቅ ሕንፃዎች አሉ። በግራ በኩል ያለው ጉልላት አለው። አንዲት ሴትዮ የሕፃን ጋሪ እየገፋች ታልፋለች፣ ከኋላዋ ውሻ። በጀርባው በአባባ እጅ «ጥቅምት 8 ቀን 1957» ተጽፏል።

አባባ አስተማሪ ነበር፤ ለትምህርት እንግሊዝ አገር ተልኮ ነበር። እማማ «የጎልፍ ሜዳ ነው ብሎኛል» ትላለች። ታዲያ እንዴት አንድም ሰው ሲጫወት አይታይም? የትኛው ሜዳ እንደሆነ የሚያውቅ ይርዳኝ።

የጀማ አሞራ
ምን እንግሊዝ አገር ያስኬዳል! ይሄማ ደብረ ሊባኖስ ያለው የፖርቱጋል ድልድይ ነው።

የመንዝ በግ
ወንድሜ፣ እዚያ እኮ ከድልድዩ አለፍ ሲል ገደል ነው። እዚህ ፎቶ ላይ ገደሉን ማን ደለደለው? እኔስ ሣሩን አይቼ ጓሳ ልል ነበር፤ የጓሳ ሣር ግን እንዲህ አይላጭም።

ባሕር ማዶ (ስኮትላንድ የምኖር የሸዋ ልጅ)
እህቴ፣ ድልድዩን ሳየው ሴንት አንድሪውስ ነው አልኩ። ስኮትላንድ ውስጥ ነው፤ እዚህ «እንግሊዝ አገር» ብትዪ ይቀየሙሻል። ሜዳው ኦልድ ኮርስ ይባላል። ድልድዩ ስዊልካን የምትባል ትንሽ ጅረት ላይ ያለ ነው፤ ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከ700 ዓመት በፊት እረኞች በጎቻቸውን እንዲያሻግሩበት የተሠራ ነው ይባላል። የመንዙ ልጅ ደስ ይበልህ። አሁን የጨዋታው መጨረሻ ወደሆነው 18ኛው ጉድጓድ በሚወስደው ሣር ላይ ነው ያለው፤ ታላላቅ ተጫዋቾች ሲሰናበቱ እሱ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

ከኋላ ያሉት አንዱ በ1854 የተሠራው የጎልፍ ክለቡ ቤት፣ ሌላው በ1895 ሆቴል ሆኖ የተከፈተው ባለ ጉልላቱ ሕንፃ ይመስሉኛል። በ1957ም ኦፕን የሚባለው ትልቁ የጎልፍ ውድድር እዚያው ነበር የተደረገው፤ ቦቢ ሎክ አሸነፈ።

አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። ከድልድዩ ወደ ክለቡ ስታይ ጉልላቱ የሚታየው ከክለቡ በስተቀኝ ነው። አንቺ ጋ በግራ ነው። ስለዚህ አልምልም።

ባለ ካሜራው (ፎቶ ቤት የሠራሁ)
መማል ይቻላል። የአያትሽን ካፖርት እዪ። የወንድ ልብስ ሲቆለፍ ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል። እዚህ ቀኙ በግራው ላይ ነው የተደረበው። የደረት ኪሱም በቀኝ ሆኗል። ያጠበው ሰው ኔጋቲቩን ገልብጦ ነው ያጠበው። በጨለማ ክፍል ስንሠራ ስንት ጊዜ ደርሶብናል፤ ጽሑፍ ከሌለበት ማንም አይነቃም። በስልክሽ አንሺውና ግራና ቀኙን ገልብጪው።

የበረሳ ልጅ
ገለበጥኩት! ጉልላቱ በቀኝ መጣ። ከባሕር ማዶው መግለጫ ጋር ቁጭ! የሰው አለመኖር ነው የቀረኝ።

ባሕር ማዶ
እንግዲያው ማልኩ። ሰው የሌለው ደግሞ እሑድ ስለሆነ ይሆናል። ኦልድ ኮርስ ውድድር ካልኖረ በቀር እሑድ አይጫወቱበትም። የከተማው ሰው ልጁንና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ያቺ ሴትዮ ለዚያ ናት። ነፋሱ ግን ከደብረ ብርሃን አይተናነስም።

መሪጌታ ዘአንኮበር
ልጆቼ፣ አንድ ስህተት አለ። በአማርኛ «ጥቅምት» ብሎ የጻፈ ሰው በፈረንጅ ዓመት አይቆጥርም። እሑድ መሆኑን እንየው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ላይ 1957 ሲደመር 7457። ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1864። ሁለቱ ሲደመሩ 9321። በ7 ሲገደፍ 4 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ ተብሎ ሲቆጠር 4 ዓርብ ነው። መስከረም 1 ዓርብ ከዋለ ጥቅምት 1 እሑድ ነው፤ 8ም እሑድ። በፈረንጅ ኦክቶበር 18 ቀን 1964 ማለት ነው። የፈረንጁ 1957 ቢሆን ግን ኦክቶበር 8 ማክሰኞ ይውል ነበር።

ባሕር ማዶ
መሪጌታ፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ ባሕር ማዶ ከርሜ የራሴን አቆጣጠር ረሳሁ። የሚገርመው በ1964ም ኦፕኑ እዚያው ነበር፤ አያትሽ ፎቶውን ከመነሳታቸው ሦስት ወር በፊት። አሸናፊው ቶኒ ለማ ይባላል!

የመንዝ በግ
የኛ ሰው?

ባሕር ማዶ
አሜሪካዊ ነው፤ ዘሩ ከፖርቱጋል።

የጀማ አሞራ
እኔ ከመጀመሪያው ፖርቱጋል አላልኩም?

ባሕር ማዶ
እሺ፣ ግማሽ ነጥብ ያዝ። እህቴ፣ ከተማው ውስጥ በ1413 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አለ። አያትሽ እዚያ ተምረው እንደሆነ ስማቸውንና ዓመቱን ጽፈሽ ጠይቂ። ዓመቱን በፈረንጅ አድርጊው። ባለ ጉልላቱን ሆቴልም ዩኒቨርሲቲው በ1949 ገዝቶ የተማሪ ማደሪያ አድርጎት ነበር።

የበረሳ ልጅ
ቆይ፣ ማደሪያ? አባባ «ጉልላት ካለው ቤት ነበር የማድረው» ይል ነበር እኮ። እኛ ቤተ ክርስቲያን አስጠግተውት ነው ብለን ስንት ዘመን አዝነንለታል። አሁኑኑ ለእማማ ልንገራት።