የቅጠል ሰፊዎቹ ዕቅድ፣ ረቂቅ 3

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ጅማ፣ ጂረን ዳገቱ ላይ የብሳና ቅጠል በክር እያጣበቁ ውስጥ ለውስጥ የሚበሉትን ትሎች እንለያለን። ትሉን ከነቅጠሉ ጠርሙስ ውስጥ ማሳደግ፣ አፉን በሻሽ ማሰር፣ የሚወጣውን የእሳት እራት መመዝገብ። እስከ ዓርብ አስተያየት።

የቦዬው፦ "የእሳት እራት" ይውጣ። ብር ሰጪው ግብዣ ይመስለዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ምን እንበል ታዲያ? ቢራቢሮ?

የቦዬው፦ ብል።

የመልኮው፦ ብል ጋቢ የሚበላው ነው!

የቦዬው፦ እኔ ያደግኩበት ቤት ሁሉም ብል ነው።

ጸሐፊ፦ አምናም በስም ተጣልተን ክረምቱ አለፈ።

የመልኮው፦ የትሎቹ መለያ ዘዴ ደግሞ አሜሪካ የኦክ ዛፍ ላይ ከተሠራው የተቀዳ ነው። እዚያ ፕሲሎኮርሲስ የሚባሉት የእሳት እራቶች ትል ሳሉ ሁለት ቅጠል ደርበው ሰፍተው መሃሉ ይኖራሉ። ዘዴውን ውሰዱ፣ ስሙን ተዉት። እነሱም ካደጉ በኋላ መንታ ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ የሚለዩት የመራቢያ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። የክንፉ ቅንጣት ከረገፈማ ፎቶ ምንም አያወጣ።

እትዬ፦ እኔ ሦስት ጠርሙስ አሳድጌያለሁ። የተጣበቀውን ቅጠል ሳላቅቀው እንደ ጥቁር ጤፍ ያለ ኩስ ተራገፈ። ገጹ ተፍቆ ጅማቱ ብቻ ቀርቷል። ከአንዱ ጠርሙስ ግን የወጣው ትንሽ ተርብ ነው! ትሉን ከውስጥ በልቶ ጨርሶታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ተርቡ አይጻፍ፣ በጀት ያስቆርጣል።

የአጋሮው፦ መብራትና ነጭ አንሶላ ገዝተን በአንድ ሌሊት እንጨርስ።

እትዬ፦ መብራት የሳበው ምን በልቶ እንዳደገ በምን ታውቃለህ ልጄ?

የቦዬው፦ ብል ካልተባለ አልፈርምም።

የአጋሮው፦ ጤነኛ ነህ ግን?

ሰብሳቢ፦ በቃ! "ትናንሽ የሌሊት በራሪዎች" ይባል።

የቦዬው፦ ይሁን። ተናድጄ ነው፣ አፉ በሉኝ።

ጸሐፊ፦ ማይክሮስኮፕ እበደራለሁ ያለው ሰውዬስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልኩ አይነሳም። ማይክሮስኮፑን ከዕቅዱ ሰርዤ ጄኔሬተር አስገብቻለሁ፣ ለአዳራሹም ይሆናል። ብሳናውንም ቡና አድርጌዋለሁ። ቡና የሌለበት ዕቅድ ማን ያነባል?

እትዬ፦ ቡና ላይ መቼ አየን?

የአጋሮው፦ ጄኔሬተሩ በናፍጣ ነው በቤንዚን?




ሰብሳቢ፦ በቤንዚን። አዳራሹ ውስጥ ግን ማን ያድርበታል?