1.8 ሜትር የተቆረጠ ዳገት፦ ብሎኬት፣ ድንጋይ ወይስ ካብ?

ባለዳገት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቤታችን ያለው ዳገት ላይ ነው። በጓሮ በኩል ቦታ ለማግኘት አፈሩን አስቆርጠን አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከፍታው 1.8 ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሜትር ነው። የላይኛው 40 ሴ.ሜ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ጠጠር የበዛበት ቀይ አፈር ነው። ከተቆረጠው በላይ ያለውም ቦታ የኛው ነው፤ ወደፊት መኪና ላቆምበት አስቤያለሁ። ሁለት ግንበኞች አይተውት ሊስማሙ አልቻሉም። አንዱ «በ20 ሴ.ሜ ብሎኬት ገንብተን እንለስነዋለን» ይላል፤ ሌላው ከድንጋይ ውጭ አይሆንም ባይ ነው። ዘመድ ደግሞ «ካብ ይበቃሃል» አለኝ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት መጨረስ እፈልጋለሁ፤ እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

ስትራክቸር፦
የ20 ብሎኬቱን ነገር ተወው። ብሎኬት ከላይ የሚጫነውን ይሸከማል እንጂ ከጎን የሚገፋውን አይመልስም። ቁጥሩን ልንገርህ፦ ደረቅ ጠጠራማ አፈር በ1.8 ሜትር ከፍታ፣ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት ላይ 1 ቶን ገደማ ይገፋል። ከግንቡ ጀርባ ውሃ ተጠራቅሞ እስከ ጫፍ ከሞላ ደግሞ የውሃው ግፊት ብቻውን 1.6 ቶን ይሆናል። ድንጋይ ይሁን ብሎኬት ከሚለው ክርክር በፊት ውሃው በየት ይወጣል የሚለው መመለስ ያለበት ለዚህ ነው።

ከፍታም ያታልላል። የግንቡን ከፍታ እጥፍ ብታደርገው ግፊቱ 4 እጥፍ፣ ለመገልበጥ የሚያደርገው ጉልበት 8 እጥፍ ያድጋል። ለ90 ሴ.ሜ የሠራ ዘዴ ለ1.8 ሜትር አይሠራም። ዘመድህ ያየው ካብ ለ90 ሴ.ሜ የአበባ መደብ ከነበረ እውነቱን ነው፤ መኪና ለሚቆምበት ግን አይሆንም። የመኪናው ክብደት ራሱ ወደ ጎን ግፊት ይለወጣል፤ ስለዚህ ለሚሠራልህ ሰው ከአሁኑ ንገረው።

በብዙ አገር ከ1 ሜትር ወይም ከ1.2 ሜትር ገደማ በላይ የሆነ ደጋፊ ግንብ ፈቃድና የመሐንዲስ ስሌት ይጠየቅበታል። ያንተ ከዚያ በላይ ነው።

ድንጋይና ሞልታ፦
እኔ የድንጋዩ ወገን ነኝ፣ ሥራዬም ነው። የድንጋይ ግንብ የሚቆመው በክብደቱ ነው፤ ስለዚህ ከታች ካልሰፋ ዋጋ የለውም። መሠረቱን ከታችኛው መሬት 50 ወይም 60 ሴ.ሜ አውርደው፤ ያን ጊዜ ጠቅላላ ቁመቱ 2.4 ሜትር ይደርሳል። የታችኛው ስፋት የዚያን ግማሽ ያህል፣ ማለትም 1.2 ሜትር አካባቢ ይሁን፤ መኪናው ከመጣ ከዚያም ይበልጣል። ወደ ላይ ሲሄድ እየጠበበ ጫፉ ላይ 40 ወይም 50 ሴ.ሜ ይቀራል። ግንበኛህ ከታች እስከ ላይ 50 ሴ.ሜ አድርጌ እሠራዋለሁ ካለህ አመስግነህ ሸኘው።

ሲሠራ አጠገቡ ቁም። ረጃጅሙ ድንጋይ ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት አለበት፤ ብዙዎች ግን ሰፊውን ፊት ወደ ውጭ አሳይተው መሐሉን በፍርካሽና በሞልታ ይሞሉታል። እንዲህ የተሠራ ግንብ ከፊት ያማረ ሆኖ ከውስጥ ሁለት ቀጭን ግድግዳ ነው። አንድ ድንጋይ ከተቀመጠ በኋላ በእጅህ ወዝውዘው፤ ከተነቃነቀ ያነሳውና እንደገና ያስቀምጠው።

ሽቦና ጠጠር፦
ጋቢዮን ለምን ተረሳ? የሽቦ ሳጥን ውስጥ ድንጋይ ተደርድሮ ማለት ነው። ውሃ በራሱ ያልፍበታል፤ መሬቱ ትንሽ ቢሰምጥም አብሮ ይታጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። ዋልካ ባለበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሽቦው ዚንክ የተቀባ መሆኑን፣ ድንጋዩም ከሽቦው ቀዳዳ መተለቁን አረጋግጥ። ከጀርባው ውሃ እያሳለፈ አፈር የሚይዘውን ጨርቅ (ጂኦቴክስታይል) አትርሳ፤ አለዚያ አፈሩ በድንጋዩ መሐል እየታጠበ ይወጣና ከላይ ጉድጓድ ይከፈታል።

ድንጋይና ሞልታ፦
ጋቢዮን ጥሩ ነው፤ ግን 1 ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን ከጓሮህ ላይ ስንት እንደሚወስድ አስላ። አንዳንዱም እንደ ቅርጫት ድንጋይ በአካፋ እየጣለ ይሞላዋል፤ ሳጥኑ ሆዱን ነፍቶ ይቀራል። በእጅ መደርደር አለበት።

ባለዳገት፦
በጣም አመሰግናለሁ። ወደ ድንጋዩ አዘንብያለሁ። ግን ግንበኛው «ቀዳዳ ካበዛን መልኩን ያበላሻል፣ ሁለት ይበቃል» አለኝ። ደግሞ የተቆፈረውን አፈር መልሰን ከጀርባው እንሙላው ይላል። ሌላው፣ ለሁለት ከፍሎ በእርከን መሥራትስ?

ስትራክቸር፦
ለ14 ሜትር ሁለት ቀዳዳ ቀልድ ነው። 7.5 ሴ.ሜ የሆነ ፒቪሲ ቱቦ በየ1.5 ሜትሩ፣ ከታችኛው መሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይግባ። ሁለተኛ ረድፍ ከላይ ቢጨመር ከታችኛው ጋር ፊት ለፊት ሳይሆን በመሐል በመሐሉ ይሁን። ቀዳዳው ከኋላ ጠጠር ከሌለው ግን በአንድ ዝናብ ይደፈናል። ከግንቡ ጀርባ 30 ሴ.ሜ ንጹሕ ጠጠር፣ በጠጠሩና በአፈሩ መሐል ጨርቁ፣ ከሥር ደግሞ የተበሳሳ ቱቦ ወደ አንድ ጎን ተዳፍቶ ይተኛ። የቱቦው ጫፍ የት እንደሚወጣ ዛሬውኑ ወስን፤ ወደ ቤትህ መሠረት እንዳይሆን።

ዋልካውን ከጀርባ አትሙላ። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱ ግንቡን ይገፋዋል። ቀዩን ጠጠራማ አፈር ተጠቀም፤ በየ15 ወይም 20 ሴ.ሜው እየጠቀጠቅህ። ከግንቡ ጀርባ 1 ሜትር ውስጥ በትንሽ መጠቅጠቂያ እንጂ በከባድ ማሽን አይገባም። ከላይ 20 ወይም 30 ሴ.ሜ ዋልካ ብታለብስ ግን ውሃ እንዳይሰርግ ይረዳል፤ እዚያ ላይ ይጠቅማል።

እርከኑን በተመለከተ፦ ሁለት 90 ሴ.ሜ ግንብ ከአንድ 1.8 ሜትር ይቀላል፤ ሆኖም ላይኛው ከታችኛው ቢያንስ የታችኛውን ቁመት ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 1.8 ሜትር ወደ ኋላ መራቅ አለበት። ከቀረበ ታችኛው ላይ ጭነት ይሆናል፤ ያኔ አንድ ግንብ ሠርተሃል እንጂ ሁለት አልሠራህም። መኪናውን ሌላ ቦታ ማቆም ከቻልክ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

አርማታ ሠሪ፦
ቦታ ከጠበበ የአርማታ ግንብም አለ፤ ቅርጹ እንደ ኤል ወይም እንደ ተገለበጠ ቲ ነው። ቀጭን ነው፤ ከኋላ የተዘረጋው እግሩ ላይ የሚያርፈው አፈር ራሱ ይዞ ያቆመዋል። ዋናው ፌሮ ወደ አፈሩ በኩል ይሁን፤ ግንቡ ሲገፋ የሚሳበው በዚያ በኩል ነው። በጓሮ በኩል ብቻ አንድ ረድፍ ፌሮ ካየህ ሙሌቱን አስቁም።

ባለዳገት፦
መኪናውን ፊት ለፊት ማቆም ይቻላል፤ እርከኑን እንሠራለን። መሠረቱ ነገ ሙሉውን 14 ሜትር ሊቆፈር ነው።

ድንጋይና ሞልታ፦
ሙሉውን አይደለም! የቆመውን አፈር እግሩን በአንዴ ካስቆፈርክ ሠራተኛው ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ የላይኛውን ጫፍ አዳፋው፤ ከዚያ 2 ወይም 3 ሜትር ቆፍር፣ ገንባ፣ አንዱን ዝለልና ቀጣዩን ያዝ። አፈሩ ጫፍ ላይ ስንጥቅ ከታየ ማንም ከሥሩ አይቁም። የተቆፈረውንም አፈር ጫፉ ላይ አትከምር።

ባለዳገት፦
ሙሌቱን መቼ እጀምር?

ድንጋይና ሞልታ፦
ግንቡን ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጣው፤ ሙሌቱን ከዚያ በኋላ ቀስ እያልክ ጀምር። የጣሪያውን አሸንዳ ውሃም ከግንቡ ጀርባ አታፍስስ፤ በቱቦ አልፎ ይሂድ።