ዲኦዳንድን በአማርኛ ምን ልበለው?
ሰላም ወገኖች፣ ስለ እንግሊዝ የባቡር ታሪክ እየጻፍኩ ዲኦዳንድ የምትል ቃል ላይ ተቸክያለሁ። በድሮው ሕጋቸው ሰው የገደለ ዕቃ ወይም እንስሳ፣ ጋሪም ይሁን በሬ፣ እሱ ራሱ ወይም ግምቱ ለዘውዱ ገቢ ይሆን ነበር። ላቲኑ «ለእግዚአብሔር የሚሰጥ» ማለት ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ሶኒንግ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ መንገደኞች ሲሞቱ፣ በባቡሩ ላይ 1,000 ፓውንድ ተፈረደበት፤ ሕጉ በ1846 ተሻረ።

«የደም ካሳ» እንዳልል እሱ የሚከፈለው ለሟች ቤተሰብ ነው። «ውርስ» ካልኩት ደግሞ ዕቃው ራሱ እንደ ገዳይ መቆጠሩ ይቀራል፤ የታሪኩ ትልቁ ነገር ግን እሱ ነው። ቃሉን እንዳለ ልተወውና አንዴ ላብራራው? ወይስ ከድሮ የችሎት አማርኛ የሚቀርበው ቃል የምታውቁ አላችሁ? እባካችሁ ተባበሩኝ።